ሁለት ቀጭን ሽቦ ያለው «ኤሌክትሪክ ሱፐርቻርጀር» ለሞተር ጉልበት ይጨምራል?

ኦንላይን ሱቆች ላይ የምትሸጥ አንዲት ዕቃ አለች። የፕላስቲክ ቱቦ፣ ውስጡ ትንሽ ፋን፣ ሁለት ቀጭን ሽቦ። ወደ መኪና ሞተር አየር የሚገባበት ቱቦ መሀል ትገጠምና 12 ቮልት ይሰጣታል። ሻጮቹ «ኤሌክትሪክ ሱፐርቻርጀር» ይሏታል፤ ጉልበት ትጨምራለች፣ ነዳጅም ትቆጥባለች ብለው ይምላሉ። ስለ እሷ የሚወራውን አንድ በአንድ እንየው።

«አየር እስከነፋች ድረስ ሞተሩ ጉልበት ያገኛል»

አያገኝም። ሞተር ራሱ አየር ሳቢ ነው። 1.3 ሊትር ሞተር ያለው ቪትዝ በደቂቃ 6,000 ዙር ሲሽከረከር በዚያችው ደቂቃ እስከ 3,900 ሊትር አየር ይስባል። ሒሳቡ ቀላል ነው፣ እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንዴ ስለሚስብ 1.3ን በ3,000 ማባዛት ነው። ሱፐርቻርጀር የሚባለው ዕቃ ደግሞ ከዚህ በላይ አየር አምቆ የሚያስገባ ነው፣ ማለትም ግፊት የሚፈጥር። ፋኗ ነፋስ እንጂ ግፊት የላትም። ፊታችሁ ላይ ብታዞሯት ደስ ይላል፣ ሞተሩ ከእሷ ፈጥኖ መሳብ ሲጀምር ግን የአየሩ መንገድ ላይ የተገተረች እንቅፋት ትሆናለች።

ቁጥሩ ይበልጥ ያሳፍራታል። ያንን ቪትዝ በከፍተኛ ዙር ላይ ግማሽ ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ተጨማሪ ግፊት ልስጠው ካላችሁ አየሩን ለማመቅ ብቻ ከ5 ኪሎዋት በላይ ያስፈልጋችኋል። በ12 ቮልት ሲሰላ ከ400 አምፔር በላይ መሆኑ ነው። የትንሽ መኪና ዲናሞ ሙሉ አቅሙን አውጥቶ 1 ኪሎዋት አካባቢ ቢሰጥ ነው፣ ያውም መብራቱ፣ ሬዲዮው፣ ኢንጄክተሩ ሁሉ ከእሱ ነው የሚበሉት። ፋኗ የምትወስደው ደግሞ 100 ዋት ቢሆን ነው። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ተዉትና ሽቦዋን እዩ። 400 አምፔር የሚሸከም ገመድ ከባትሪ ወደ ሞተሪኖ ከሚሄደው ወፍራም ገመድ እንኳ መብለጥ አለበት። የእሷ ሽቦ የስልክ ቻርጀር ይመስላል።

«ኤሌክትሪኩ ከባትሪ ስለሆነ ነጻ ነው»

ባትሪውን ዲናሞው ይሞላዋል፣ ዲናሞውን በቺንጋ ሞተሩ ያዞረዋል፣ ሞተሩን ቤንዚን። ነጻ የሆነ የለም።

«እኔ ገጥሜ ልዩነቱን አይቻለሁ»

ይሄኛው ክርክር አያልቅም። ሰው አይዋሽም፣ ግን አዲስ ዕቃ የገጠመ ሰው ቤንዚን ጠበቅ አድርጎ ይረግጣል፣ ድምፅ ሲሰማ ደግሞ ፍጥነት ይመስለዋል። በዚያ ላይ ገጣሚው መካኒክ አብሮ ፊልትሮውን አራግፎት ወይም ቀይሮት ይሆናል። የባትሪውን ገመድ ነቅሎ ከመለሰውም የመኪናው ኮምፒውተር የተማረውን ረስቶ እንደ አዲስ ስለሚጀምር አነዳዱ ለጥቂት ቀን የተለየ ሊመስል ይችላል። ማረጋገጥ የፈለገ ያው ዳገት ላይ፣ በያው ጭነትና በያው ማርሽ፣ አንዴ ፋኗ እየሠራች፣ አንዴ ጭራሽ ወልቃ ሰዓት ይያዝ። ሻጮቹ ይህን ሲያደርጉ አታዩም።

«አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚህ ትሠራለች»

ይህ አባባል ግማሹ እውነት ስለሆነ ብዙ ሰው ያሳስታል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል። ቱርቦ፣ ማለትም በጭሱ ጉልበት እየዞረ አየር የሚያምቅ ዕቃ፣ የሌለው ሞተርም በዚያው ልክ ጉልበት ያጣል። እንጦጦን ስትወጡ ቪትዟ የምታለቅሰው የእሷ ጥፋት አይደለም። ቱርቦ ያለው መኪና ግን የሳሳውን አየር አምቆ ብዙውን ያካክሳል። እና እዚህ ከተማ አየር ማመቅ እውነትም ጥቅም አለው። ችግሩ ፋኗ አታምቅም። የጠፋውን ሩብ ለመመለስ ብቻ እንኳ ለቪትዟ ሞተር በከፍተኛ ዙር ከ2 ኪሎዋት በላይ ያስፈልጋል።

«እንግዲያው ኤሌክትሪክ ሱፐርቻርጀር የሚባል ነገር ሁሉ ውሸት ነው»

እዚህ ላይ ደግሞ ተጠራጣሪዎቹ ይሳሳታሉ። አውዲ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ኤስኪው7 የናፍጣ መኪና ላይ በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር ኮምፕሬሰር (አየር ማመቂያ) ገጥሟል። እስከ 7 ኪሎዋት ይወስዳል፣ ከሩብ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ በደቂቃ ወደ 70,000 ዙር ይደርሳል። ለዚህ ብሎ መኪናው ውስጥ ባለ 48 ቮልት መስመር ከራሱ ባትሪ ጋር ዘርግቷል። ያም ሆኖ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ሁለቱ ቱርቦዎች ናቸው፤ ኮምፕሬሰሩ የሚያግዘው የጭሱ ጉልበት ገና ቱርቦዎቹን ማሽከርከር ሳይችል በፊት፣ ያቺን መነሻ ላይ የምትሰማ መዘግየት ለመሙላት ነው። መርሴዲስም በ2017 ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተሩ ላይ በ48 ቮልት ተመሳሳይ ነገር አደረገ። ፖርሽ በ2024 የ911 ጂቲኤሱ ቱርቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሞተር አስገባ፣ መስመሩም 400 ቮልት ነው። ሦስቱም ቮልቱን ከፍ ያደረጉት በ12 ቮልት እንደማይሆን ስለገባቸው ነው።

«ነዳጅ ትቆጥባለች»

ከተማ ውስጥ ቤንዚን ቀስ አድርጋችሁ ስትረግጡ አየር የሚያስገባው በር ራሱ በከፊል ዝግ ነው። ሞተሩ አየር አጥሮት ሳይሆን እናንተ ስላነሳችሁበት ነው። በተዘጋ በር ላይ መንፋት ምን ይቆጥባል? መኪናው እውነት ከደከመ ካንዴላውን፣ ፊልትሮውን፣ የጎማ ነፋሱን፣ የሚይዝ ፍሬን እንዳለ፣ ማርሚታው እንዳልተደፈነ ማየት ይሻላል።

«ባትጠቅምም አትጎዳም»

ትጎዳለች። ከፊልትሮው በኋላ ከተገጠመች የተሰበረ የፕላስቲክ ክንፍ ቀጥታ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። አየር የሚለካው ሴንሰር አጠገብ ከሆነች የአየሩን ፍሰት ታምስና የቤንዚኑ ልክ ይዛባል። ያለ ፊውዝ የተጎተተ ሽቦ ደግሞ ኮፈን ስር እሳት ሊያስነሳ ይችላል። የሚገርመው፣ ቃሏን ጠብቃ ግማሽ ባር ብትጨምር ኖሮ ጉዳቱ ይብስ ነበር፤ ለቱርቦ ያልተሠራ ሞተር ቤንዚኑና የእሳቱ ሰዓት ሳይስተካከል አየር ሲታመቅበት ቤንዚኑ ያለ ሰዓቱ እየፈነዳ ይመታል፣ ፒስተን እስከ መስበር ይደርሳል።

ቀድሞ የገጠመ ካለና ማውለቅ ካልፈለገ ቢያንስ ፊውዝ ያስገባላት፣ ቦታዋም ከፊልትሮው በፊት ይሁን። ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር መብራት ከበራበት ደግሞ መካኒኩ «ሴንሰር ይቀየር» ከማለቱ በፊት ፋኗን አውልቆ ይሞክረው።