ክንዱ ሲዞር ታየ ማለት ኳሷን መታ ማለት አይደለም

ፒንቦልን ከጆተኒ ጋር የሚያምታቱ ስላሉ በአጭሩ ልንገራችሁ፦ ወደ ተጫዋቹ ያዘነበለ ጠረጴዛ ነው። በላዩ 27 ሚሊሜትር ስፋትና 80 ግራም ገደማ ክብደት ያላት የብረት ኳስ ትንከባለላለች፤ ከታች ፍሊፐር የሚባሉ ሁለት ክንዶች እንዳታመልጥ ወደ ላይ ይመቷታል። ይህንኑ በኮምፒውተር የሚሠሩ፣ እንደ ቪዡዋል ፒንቦል ባሉ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙ ሰዎች «ኳሷ እውነት አትመስልም» ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚነካኩት የማይነካውን ነው። ከታች በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያሉት ርእሶች እነዚህ ሰዎች የሚያምኗቸው የተሳሳቱ አባባሎች ናቸው።

«ኳሷ ከተንቀራፈፈች ስበቱን ጨምር»

መጀመሪያ ተዳፋቱን ይመልከቱ። የዘመናዊ ማሽን ተዳፋት 6.5 ዲግሪ ገደማ ነው። በዚያ ላይ የምትንከባለል ኳስ ፍጥነቷ በየሰከንዱ የሚጨምረው በ0.8 ሜትር በሰከንድ ገደማ ብቻ ነው፤ ከቆመችበት ተነሥታ 1 ሜትር ለመውረድ 1.6 ሰከንድ ያህል ይፈጅባታል። ስበቱን ከቆለሉት ኳሷ ሲመቷት ላይኛው ጫፍ ሳትደርስ ትመለሳለች። ያን ለማካካስ የፍሊፐሩን ጉልበት ይጨምራሉ። ከዚያ ሁሉም ነገር ይበላሻል።

«ዕቃው በስክሪኑ ላይ ከተንቀሳቀሰ ኳሷን ይገፋል»

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ዓይን የሚያየው ቅርጽና ግጭት የሚሰላበት ቅርጽ የተለያዩ ናቸው። በጠረጴዛው ላይ ያለ፣ በስክሪፕት (ሠሪው በሚጽፈው የኮምፒውተር ትእዛዝ) የሚዞር አሻንጉሊት ሥዕሉ ይዞራል፣ የግጭት ቅርጹ ግን እዚያው ተገትሮ ሊቀር ይችላል። ያኔ ኳሷ በአሻንጉሊቱ ሆድ ውስጥ ታልፋለች፣ ወይም ባዶ ቦታ ላይ ትነጥራለች። የግጭት ቅርጹን አብረው ቢያዛውሩትም ከቦታ ቦታ እየዘለለ የሚሄድ ከሆነ ለፕሮግራሙ ፍጥነት የለውም፤ ኳሷን እንደ ቆመ ግድግዳ ይመልሳታል እንጂ አይገፋትም።

በቪዡዋል ፒንቦል የታወቀው ዘዴ ፕሮግራሙ ራሱ እንቅስቃሴውን የሚያሰላለትን አካል፣ ማለትም ፍሊፐርን፣ የማይታይ አድርጎ ከሥዕሉ ሥር መደበቅ ነው። ሥዕሉ የፍሊፐሩን ማዕዘን እየተከተለ ይዞራል። ተንኮል ይመስላል፤ ግን ይሠራል። ቀስ ብሎ ለሚነሣ ነገር ግን ይህን ያህል መድከም አያስፈልግም፤ ሁለት ሦስት ስውር ግድግዳዎችን እያፈራረቁ ማብራትና ማጥፋት ይበቃል።

«ምስሉ ከጠራና ካልተቆራረጠ ስሌቱም ትክክል ነው»

በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል) ለዓይን ይበቃል። በሰከንድ 5 ሜትር የምትበር ኳስ ግን በአንድ ፍሬም 8 ሴንቲሜትር ትሄዳለች፤ የራሷን ስፋት ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው። ቀጭን ግድግዳ ሳይታወቅ ይታለፋል። ለዚህ ነው ቪዡዋል ፒንቦል ግጭቱን ከምስሉ ለይቶ በሰከንድ 1000 ጊዜ የሚያሰላው።

«ላስቲክ ሁልጊዜ እኩል ያነጥራል»

አያነጥርም። ኳሷ በኃይል ስትመጣ ከፍጥነቷ የምታጣው ድርሻ ይበልጣል። ስለዚህ የመንጠሩ ቁጥር ከፍጥነቷ ጋር እንዲቀንስ ያድርጉት።

«ጠንካራ ፍሊፐር እውነተኛ ፍሊፐር ነው»

ፍሊፐር እ.ኤ.አ. በ1947 ጎትሊብ በተባለው ኩባንያ «ሃምፕቲ ደምፕቲ» ማሽን ከመጣ ወዲህ ብዙ ተለውጧል፤ በብዙዎቹ ማሽኖች ውስጥ ግን ኮይሉ፣ ማለትም ክንዱን በኤሌክትሪክ የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥምጥም፣ ሁለት ጥቅል አለው። አንዱ ለመምታት፣ ደካማው ደግሞ ክንዱን ከፍ አድርጎ ለመያዝ ነው። ክንዱ ጫፍ ሲደርስ ማብሪያ ማጥፊያው ብርቱውን ያጠፋዋል። ስለዚህ ወደ ላይ ከፍ ብሎ የተያዘ ፍሊፐር ኳሷ በኃይል ስትመጣበት ጥቂት ይበገራል። በኮምፒውተር ጉልበቱ እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ከሆነ ግን ፍሊፐሩ ድንጋይ ይሆናል። ተጫዋች «ኳሷን ክንዱ ላይ ማሳረፍ አልቻልኩም» ሲለኝ መጀመሪያ የምከፍተው ክንዱ ጫፍ ሲደርስ የሚኖረውን የጉልበት ቁጥር ነው።