ማቆያ ክር ምንድን ነው?

ቅዳሜ ጎረቤት ቡና ተጠርቼ ስሄድ የጀመርኩትን የሕፃን ሹራብ ይዤ ሄድኩ። ሐዋሳ ቀን ቀን ሹራብ የሚያስለብስ ብርድ የላትም። ማታ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ሲነሳ ግን ሕፃን ልጅ ይበርደዋል። ሹራቡ ገና አንገትና ደረቱ ብቻ ነው ያለቀው። ግራና ቀኙ ላይ ቀይ የጥጥ ክር ተንጠልጥሏል። የሠፈራችን እማማ አነሱት፣ አገላበጡት።

«ልጄ፣ ይሄ ቀዩ ምንድን ነው? ጌጥ ነው?»

«አይ እማማ፣ እጅጌው ነው።»

«እጅጌው የታለ?»

«ገና አልተሠራም። ቀዩ ክር ቦታ ይዞለት ነው።»

ሳቁብኝ። ነገሩ ግን እንዳልኳቸው ነው።

ሹራብ ሲሠራ መርፌው ላይ የሚደረደሩ ትንንሽ የክር ቀለበቶች አሉ። እኛ ቤት «ዓይን» እንላቸዋለን። አንዱ ዓይን ሳይፈታ የሚቆየው ሌላ ዓይን ከላይ ስላለፈበት ነው። የመጨረሻው ረድፍ ግን ከላዩ ማንም የለውም። የያዘው መርፌው ብቻ ነው። መርፌውን መዘዝ ካደረጋችሁት ያ ዓይን ይከፈታል፣ የታችኛውም ይከተለዋል፣ እንደ መሰላል እየሆነ እስከ ታች ይተረተራል። ማቆያ ክር መርፌውን ተክቶ እነዚያን ክፍት ዓይኖች የሚይዝ ትርፍ ክር ነው። የሹራቡ አካል አይሆንም፣ ተራው ሲደርስ ተመዞ ይወጣል።

የሚያስፈልገው በተለይ ዙሪያውን ለሚሠራ ሹራብ ነው። ሁለት ጫፎቹ በቀጭን ገመድ በተያያዙ መርፌ፣ ከአንገት ተጀምሮ እንደ ቱቦ እየዞረና እየሰፋ ይወርዳል። የጎን ስፌት የለውም። ብብት ላይ ሲደርስ ግን አንዱ ቱቦ ሦስት ይሆናል፦ አንድ ገላ፣ ሁለት እጅጌ። ሦስቱን ባንዴ ለመሥራት እጅም መርፌም አይበቃም። ስለዚህ ገላው ይቀጥላል፣ እጅጌዎቹ ተራ ይጠብቃሉ።

የኔው ሹራብ ብብቱ ላይ ሲደርስ 160 ዓይን ነበረው። ጀርባው 48፣ ፊቱ 48፣ እያንዳንዱ እጅጌ 32። የሁለቱን እጅጌ ዓይኖች ወደ ማቆያ አዛወርኩ። በየብብቱ ሥር 6 አዲስ ዓይን ጨመርኩ፣ እጁ እንደ ልብ እንዲነሳ። መርፌው ላይ 108 ሆነ። በነሱ እየዞርኩ ገላውን ይዤ ወረድኩ።

ማዛወሩ ከባድ አይደለም። ማቆያውን ትልቅ መርፌ ላይ ትሰካላችሁ። ጫፉ የደነዘዘ ቢሆን ይሻላል፤ ሹል መርፌ የሹራቡን ክር መሃል ለመሃል ይሰነጥቀዋል። የጆንያ መስፊያ ብቻ ካላችሁ በቀዳዳው በኩል አስገቡት። ከቀኝ ወደ ግራ፣ ዓይኖቹን ሳትጠመዝዙ፣ አንድ በአንድ እያሳለፋችሁ ከሹራቡ መርፌ ታወርዳላችሁ። ክሩ ረዘም ይበል። አጭር ከሆነ ሹራቡ ይጨማደድና ልጁ ላይ ለክቶ ማየት አይቻልም፤ የማቆያ ትልቁ ጥቅም ደግሞ እሱ ነው፣ መሃል ላይ ለክቶ ማየት። ጫፎቹን እንደ ጫማ ማሰሪያ እሰሯቸው፣ በኋላ በቀላሉ እንዲፈቱ። ለአራት ለአምስት ዓይን መርፌ ቁልፍም ይበቃል። ለ32 ግን አይሆንም፣ ድርቅ ብሎ ሥራውን ይጎትተዋል።

ዋናው ነገር የክሩ ምርጫ ነው። ለስላሳ፣ ጸጉር የሌለው፣ ከሹራቡ ክር የማይወፍር፣ ቀለሙም የማይለቅ መሆን አለበት። ፈትል ሞክሬ ነበር። በጥቁር ሹራብ ላይ ነጭ ብናኙን ትቶብኝ ሄደ፣ በጥፍሬ ስለቅም አመሸሁ። ከሸማ ሠሪ የሚተርፍ የፋብሪካ ድር ይሻላል። አንዴ አሞራ ገደል ከዓሣ አጥማጆች የለመንኩትን የናይለን ክር ተጠቀምኩ። ሲመዘዝ እንደ ቅቤ ነው የሚንሸራተተው፤ ግን ግትር ነው፣ ማታ ደግሞ ጭራሽ አይታይም።

አለመታየት ቀልድ አይደለም። ከዓመታት በፊት ክሬም ቀለም ባለው ሹራብ ላይ ማቆያዬን እዚያው ከክሬሙ ክር ቆርጬ ወሰድኩ። ቆጠብኩ ማለቴ ነው። መብራት በጠፋበት ማታ፣ በስልኬ መብራት፣ ማቆያውን ላወጣ መቀሱን አስጠጋሁ። ቀጭ አለ። ስስበው አልመጣም። የቆረጥኩት ማቆያውን ሳይሆን ዓይኑን ነበር። ሦስት ረድፍ ተርትሬ እንደገና ሠራሁ። ከዚያ ወዲህ ነጭ ላይ ቀይ፣ ጥቁር ላይ ቢጫ ነው የማደርገው።

ገላው አልቆ ወደ እጅጌው ሲመለሱ ቅደም ተከተሉ አይዛነፍ። መጀመሪያ መርፌው በሁሉም ዓይኖች ውስጥ ይግባ፣ ክሩ የሚመዘዘው ከዚያ በኋላ ነው። ቸኩሎ ቀድሞ የመዘዘ ሰው የሚወርዱ ዓይኖችን ሲያሳድድ ነው የሚውለው። ከ32ቱ ጋር ከብብቱ ሥር 6ቱን ታነሳላችሁ። 38 ሆነ። እኔ በሁለቱ ማዕዘኖች አንዳንድ ጨምሬ 40 አደርገዋለሁ። ገላውና እጅጌው በሚገናኙበት ማዕዘን ሁልጊዜ ቀዳዳ ይፈጠራል፣ ትርፎቹ ዓይኖች እሱን ይዘጋሉ። በሚቀጥለው ዙር ሁለቱን ከጎረቤታቸው ጋር አጣምሬ አጠፋቸዋለሁ።

ትናንት የቀኙን እጅጌ ጨረስኩ። በግራው ላይ ቀዩ ክር አሁንም እንደተንጠለጠለ ነው። እማማ ዛሬ ጠዋት በበሩ ሲያልፉ አዩትና «ጌጡን አታውጪው እንጂ፣ ያምራል» አሉኝ።