ቤዝመንት ውሃ ሲገባ ሁሌ ዋተርፕሩፉ አይደለም

ክረምት በገባ ቁጥር ካዛንቺስም ፒያሳም ስታዲየም አካባቢም ቤዝመንት ያላቸው ሰዎች ተመሳሳይ ነገር ነው ሚያወሩት፣ ግማሹ ልክ ነው፣ ግማሹ ደሞ ብር ያስወጣል እንጂ ውሃውን አያስቆምም።

«ዋተርፕሩፍ በደንብ ስላልተቀባ ነው።» ውሃ እንዳያሳልፍ ሚቀባውን ማለታቸው ነው፣ ይሄን ቀቢዎች በጣም ይወዱታል። ግን ውሃው በየት በኩል ገባ? ከመንገድ በራምፑ፣ በመኪና መውረጃው ማለት ነው፣ ወርዶ ከሆነ ዝናቡ እየዘነበ እያለ ጭቃና ፌስታል ይዞ ነው ሚገባው። ከግድግዳ ወይ ከወለል ስንጥቅ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ንፁህ ነው፣ ዝናቡ ካባራ በኋላም መንጠባጠቡን ይቀጥላል፣ እሱ ከመሬት ውስጥ ሚመጣው ነው። ሰው ሚረሳው ሶስተኛውን ነው፣ በራሱ በፍሎር ድሬኑ፣ ወለሉ ላይ ባለው የፍሳሽ ቀዳዳ፣ ወደ ላይ ሚመጣውን፣ ይሸታል፣ ከቀዳዳው ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል፣ ምክንያቱም የቤዝመንቱ ወለል ደጅ ካለው ማንሆል በታች ስለሆነ መስመሩ ሲሞላ ውሃው ዝቅ ያለውን ቀዳዳ ፈልጎ ይመለሳል። እዚህ ላይ የፈለግከውን ብትቀባ ለውጥ የለውም። ሚያስፈልገው ውሃ ወደ ውጪ ብቻ ሚያሳልፍ ቼክ ቫልቭ ነው፣ እሱም በየጊዜው ካልተፀዳ ቅባትና ፀጉር ይይዘውና ሳይዘጋ ይቀራል። ደሞ ቫልቩ የላይኞቹ ፎቆች በሚጠቀሙበት ዋና መስመር ላይ እንዳይገጠም፣ በተዘጋ ሰዓት እነሱ ሚለቁት ውሃ መሄጃ አጥቶ ወደናንተው ይወርዳል፣ ስለዚ የቤዝመንቱ መስመር ላይ ብቻ። ከመሬት ለሚመጣውም ቢሆን ከውስጥ የተቀባ ነገር ውሃው ከኋላ እየገፋ በአብዛኛው ይልጠዋል፣ ዋናው ስራ ሲገነባ ከውጪ በኩል፣ አፈር ሳይመለስ ነበር።

«የጎርፍ ቱቦም የሽንት ቤት ፍሳሽም ያው አንድ ነው።» አይደለም። አዲስ አበባ ላይ የጎርፉ መስመር የመንገዶች ባለስልጣን ስራ ነው፣ የሽንት ቤቱ ፍሳሽ ደሞ የውሃና ፍሳሽ። አንዱ ወደ ወንዝ ነው ሚሄደው፣ ሌላው ወደ ማጣሪያ። ሰው ግን አሸንዳውን ሽንት ቤት መስመር ላይ ይቀጥለዋል፣ አንድ ቀላል ሂሳብ ልስራላችሁ፣ 200 ካሬ ጣራ ላይ 10 ሚሊሜትር ዝናብ ከጣለ 2000 ሊትር ውሃ ነው፣ ባለ 1000 ሊትር ሮቶ ሁለት ሙሉ ማለት ነው፣ ከአንድ ጣራ ብቻ! ለሽንት ቤት የተሰራች ቀጭን ቱቦ ይሄን ከየጎረቤቱ ስትቀበል የታችኛው ቤት ላይ ትፈነዳለች። በተቃራኒው ሽንት ቤቱን ጎርፍ መስመር ላይ ሚለቀውም አለ፣ ያ ቀጥታ ባንትይቀጡና ቀበና ወንዝ ነው ሚገባው።

«ፌስታልና ሃይላንድ ባይጣል ኖሮ ጎርፍ አይኖርም።» መጣሉ ይቅር፣ እሺ፣ ግን እሱ ብቻ አይደለም። እንጦጦ ከ3000 ሜትር በላይ ነው፣ ስታዲየም አካባቢ 2350 ምናምን ነው፣ ማለትም ውሃው በጥቂት ኪሎሜትር ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ እየወረደ ነው ሚመጣው፣ ድሮ ከላይ ያለው ግቢና ሜዳ የተወሰነውን ይመጠው ነበር፣ አሁን አስፋልትና ኮንክሪት ነው። መሃል ከተማ ያሉት የቆዩ ቱቦዎች ደሞ ለድሮው ውሃ የተለኩ ናቸው። ከዛ ኮንስትራክሽን ሳይት በር ላይ የተደፋው አሸዋ አለ፣ ዝናብ ያጥበውና ቱቦው ውስጥ ይረጋል፣ የሲሚንቶ እጣቢ ከጨመረበት እዛው ይደርቃል፣ ፌስታል በእጅ ይወጣል፣ እሱ ግን በዶማም አይነሳ።

«መንገዱ አዲስ ተሰርቷል፣ ከእንግዲህ ስጋት የለም።» ከታች ሰፈር ያለው የጎርፍ መስመር ጠባብ ከሆነ ከላይ ያለው መስፋቱ ውሃውን ቶሎ ማድረስ ነው እንጂ ሌላ ምን ያደርጋል።

«ጎርፍ የሐምሌና የነሐሴ ነገር ነው።» ዋናው ዝናብ አዎ ያኔ ነው። በበልግ ግን በረዶ ይጥልና አሸንዳና የቱቦ አፍ ላይ ተከምሮ በደቂቃዎች ውስጥ ውሃው በር ላይ ይደርሳል፣ ያኔ ደሞ ማንም ገና ምንም አላፀዳም።

«እኛ ፓምፕ አለን።» ዝናቡ ሲበረታ መብራት ይሄዳል፣ ፓምፑም ይቆማል። ጄኔሬተር አለ ትላላችሁ፣ የት ነው ያለው? ቤዝመንት! ቆጣሪውም እዛው። አንዳንዱ ቦታ ደሞ የፓምፑ ጎማ ውሃውን ሚለቀው ያው ሞልቶ የተመለሰው ማንሆል ውስጥ ነው፣ ያው ውሃ ሲዞር ያድራል። ውሃው ቁርጭምጭሚት ድረስ ብቻ ቢሆንም ሶኬት ወይ የተዘረጋ ገመድ ነክቶ ሊሆን ስለሚችል መብራቱ ከላይ ሳይቆረጥ እቃ ላውጣ ብሎ መግባት የለም፣ ቆጣሪው ታች ከሆነ ደሞ የመብራት ሰራተኛ መጥራት ነው። የቤንዚን ፓምፕ ተከራይታችሁ ከሆነ እሱንም ታች አታስነሱት፣ ጭሱ በዝግ ቦታ ሰው ይገላል፣ ማሽኑ ደጅ ይቀመጥ፣ ጎማው ብቻ ይውረድ።