የትምህርት ፖሊሲና የገጠሩ ኑሮ በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የገጠር ትምህርትን የዛሬ መልክ ያስያዘው በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። እስከ 10ኛ ክፍል ያለው ትምህርት ከክፍያ ነፃ ሆነ። የመጀመሪያ ደረጃ ልጆችም በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መማር ጀመሩ። በዚያ ሰሞን ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል የሚማሩት ወደ 3 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። በ2006 ዓ.ም. ከ18 ሚሊዮን በላይ ደረሱ። ትምህርት ቤቱ ቀበሌ ድረስ ወረደ። ብዙ ቦታ መጀመሪያ የሠራው ገበሬው ራሱ ነው፤ በእንጨትና በጭቃ፣ አንዳንዴም በዳስ።

 

ነፃ ሆነ ማለት ግን ወጪ የለውም ማለት አይደለም። ምዝገባ የሚጀመረው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ያኔ የብዙ ገበሬ ጎተራ ባዶ ነው፤ አዲሱ እህል ገና ማሳ ላይ ነው። ደብተርና እስክሪብቶ የሚገዛው ዶሮ ወይም በግ ተሸጦ ነው። ኅዳር ላይ አጨዳ ሲደርስ ደግሞ ክፍሉ ይሳሳል። ወላጅ ልጁን ከትምህርት የሚያስቀረው ጠልቶት አይደለም፤ የሰው እጅ አንሶት ነው።

ትልቁ ፈተና የሚመጣው 9ኛ ክፍል ላይ ነው። ሃይስኩል ያለው ብዙ ጊዜ ወረዳ ከተማ ነው። ስለዚህ ሦስት አራት ልጆች ሆነው አንዲት ጠባብ ክፍል ይከራያሉ። ዓርብ ከክፍል ሲወጡ በእግራቸው ወደ ቤተሰብ ይገባሉ። እሁድ በሶ፣ ድርቆሽና የሳምንት እንጀራ ተሸክመው ይመለሳሉ። ሐሙስ ሲደርስ እንጀራው ሻግቷል። ስንቁም ኪራዩም የሚወጣው ከዚያው ከቤተሰቡ እህል ነው። ለሴት ልጅ ሲሆን ደግሞ የመንገዱና የኪራይ ቤቱ ስጋት ይጨመራል። ብዙ ሴቶች ልጆች ትምህርታቸውን የሚያቋርጡት እዚህ ጋ ነው፤ በእኔ እምነት ከማንም በፊት መንግሥት ሊደርስላቸው የሚገባው ለእነሱ ነው።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። የገጠር ልጅ ደግሞ እንግሊዝኛ የሚሰማው ከመምህሩ አፍ ብቻ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። በሬ ሸጦ ላስተማረ አባት ይህ ቁጥር ብቻ አይደለም። በሬውም የለም፣ ልጁም ተመልሶ የሚያርሰው መሬት የለውም።

ትምህርት የገጠሩን ኑሮ በግልጽ የለወጠው የተማረውን ልጅ እዚያው ቀበሌ ውስጥ ሥራ ሲጠብቀው ነው። ለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን የሚያህል ምሳሌ አላውቅም። በ1995 ዓ.ም. ተጀመረ። 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች አንድ ዓመት እየሠለጠኑ ሁለት ሁለት ሆነው በየቀበሌው ተመደቡ። ከ30,000 በላይ ሆኑ። የወር ደመወዝ አላቸው፤ ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ ክትባት፣ ስለ ሽንት ቤት፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ያስተምራሉ። ኢትዮጵያ ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን የሞት መጠን በሁለት ሦስተኛ የመቀነሱን የተባበሩት መንግሥታትን የምእተ ዓመት የልማት ግብ ከቀነ ገደቡ 3 ዓመት ቀድማ አሳክታለች። እነዚህ ሴቶች በዚያ ውጤት ትልቅ ድርሻ አላቸው።

እንዲህ ያለ ሥራ ያላገኙት ብዙዎቹ ዓይናቸው ዓረብ አገር ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ተጓዡ ቢያንስ 8ኛ ክፍል የጨረሰ እንዲሆን ይጠይቅ ነበር። የ8ኛ ክፍል ካርድ እንደ ፓስፖርት ሁሉ የጉዞ ወረቀት ሆነ። ከሪያድና ከቤሩት የሚላከው ብር የሣር ክዳኑን በቆርቆሮ ይቀይራል፤ ለታናናሾቹም መስከረም ላይ ደብተር ይገዛል።