«ማዶ ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል» እና ሌሎች የሒሳብ የቤት ሥራ ጉዶች

ማታ ማታ ከእህቴ ልጅ ጋር የሒሳብ የቤት ሥራ እንሠራለን። 7ኛ ክፍል ነው። ሰነፍ ነው እንዳልል ያጠናል፤ ችግሩ በደንብ የያዘው ነገር ራሱ ግማሽ እውነት መሆኑ ነው። እኔም በእሱ ዕድሜ እንደዚያው ነበርኩ።

«ክፍልፋይ ሲደመር የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ»

1/2 + 1/3 = 2/5 ብሎ ጻፈ። እሺ፣ ግማሽ እንጀራ ይዘህ ሲሶ ተጨመረልህ እንበል (ሲሶ ምንድነው አለኝ፤ አንድ ሦስተኛ)። 2/5 እኮ ከግማሽ ያንሳል። ተጨምሮልህ እንዴት ቀነሰ? ታህቱ (የታችኛው ቁጥር) የሚነግረን እንጀራው ስንት ቦታ እንደተቆረሰ ነው፤ ቁራሾቹ እኩል ካልሆኑ አብሮ መቁጠር አይቻልም። እንጀራውን ስድስት ቦታ ብንቆርሰው ግማሹ 3/6፣ ሲሶው 2/6፣ ድምሩ 5/6።

«ማዶ ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል»

ዋናው ጉድ ይሄ ነው። ጥያቄው 3ኤክስ + 5 = 20 ይላል። 5ቷን አሻገራት፣ 3ኤክስ = 15 ሆነ። እስከዚህ ሰላም። ቀጥሎ 3ቷንም አሻገራትና 15 − 3 = 12 ብሎ ከሥሩ ሁለቴ አሰመረበት። ልጁ ምን አጠፋ? እንደተባለው ነው ያደረገው! እውነቱ ግን እኩልታ ላይ የሚሻገር ነገር የለም። እኩልታ ሚዛን ነው፤ ከግራ 5 ካነሳህ ከቀኝም 5 ታነሳለህ፣ 3ቷ ደግሞ ኤክስን ያባዛች እንጂ የተደመረች ስላልሆነች የምትለቀው ሁለቱንም ጎን ለ3 ስታካፍል ነው። ኤክስ 5 ነው። 12ን ወደ ጥያቄው መልሶ ቢያስገባ ኖሮ 3 × 12 + 5 = 41 ያገኝ ነበር። 20 የታለ?

«ማባዛት ያበዛል፣ ማካፈል ያሳንሳል»

እዚህ ላይ ቃሉ ራሱ ነው ጉድ የሠራን። 8 × 0.5 ግን 4 ነው። ሦስት እንጀራ ውስጥስ ስንት ግማሽ አለ? ስድስት። 3 ÷ 1/2 = 6 ማለት ይሄው ነው።

«20 ፐርሰንት ጨምሮ 20 ፐርሰንት ከቀነሰ ያው ነው»

አይደለም። የ1000 ብር ጫማ 1200 ገባ። ለበዓል 20 ፐርሰንት ሲቀነስ የሚሰላው ከ1200ው ነው፣ 240 ብር። ጫማው 960 ሆነ።

«መልሱ ልክ ከሆነ መንገዱ ምን ያደርጋል?»

ትናንት 16/64ን አቃልል ተባለ። ላይና ታች ያሉትን ሁለት 6ቶች ሰረዘና 1/4 አለ። መልሱ ልክ ነው! እውነት ለመናገር እኔም ለአፍታ ግራ ገባኝ። ከዚያ 12/24ን ሰጠሁት። 2ቶቹን ሰረዘ፣ አሁንም 1/4 አለ። «12 የ24 ስንተኛው ነው?» አልኩት። ዝም ብሎ አየኝና ላጲሱን አነሳ።