«ድመት ዘጠኝ ነፍስ አላት» እና ሌሎች የተጎዳችን ድመት የሚጎዱ ምክሮች

ባለፈው ክረምት ዳለቻ፣ ግራጫዋ ድመቴ፣ ከኮንዶሚኒየማችን ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ወደቀች። የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ወዳረፈች ርግብ ስትዘል ነው። ወርጄ ሳገኛት ጥበቃው ቤት ጥግ ኩርምት ብላለች። ደም የለም፣ ጩኸት የለም። የከበቡን ጎረቤቶች ሁሉ ምክር ነበራቸው። ለኔም ለሷም አዝነው ነው የሚመክሩት። አብዛኛው ግን ስህተት ነበር፤ አንዱን ምክር ሰምቼ ቢሆን ደግሞ ዛሬ ዳለቻ የለችም።

«በእግሯ ነው ያረፈችው፣ ምንም አትሆንም»

ድመት አየር ላይ ተገልብጣ በእግሯ ማረፍ መቻሏ እውነት ነው። ግን ከፎቅ ስትወድቅ እግሯ የውድቀቱን ኃይል ሁሉ አይችለውም። ደረቷና አገጯ መሬት ይመታል። በ1987 (እ.ኤ.አ.) ኒውዮርክ ውስጥ ከፎቅ ወድቀው ለሕክምና በመጡ 132 ድመቶች ላይ ጥናት ታትሞ ነበር። ከመቶ ዘጠና ያህሉ ተርፈዋል። «ዘጠኝ ነፍስ» የሚሉ ሰዎች ይህን ቁጥር ይወዱታል። የተረፉት ግን ሐኪም እጅ የገቡት ናቸው፤ ወድቀው እዚያው የቀሩት አልተቆጠሩም። ብዙዎቹ ሳንባቸው ተጎድቶ፣ መንጋጋቸው ተሰብሮ ወይም ላንቃቸው ተሰንጥቆ ነበር። ይህ ሁሉ ከውጭ አይታይም።

ስለዚህ ትንፋሿን ቁጠሩ። ዝም ብላ በተኛችበት ጎኗ ከፍ ዝቅ ሲል አንድ ብላችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ። ከ30 በላይ ከሆነ ጥሩ አይደለም። ዳለቻን ስቆጥር 46 ደረሰ። ከንፈሯን ገለጥ አድርጋችሁ ድዷንም እዩ። ሮዝ መሆን አለበት። ከነጣ ወይም ከጠቆረ፣ አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ከሆነ ደግሞ ነገ አትበሉ። ሽንቷንም ተከታተሉ፤ አንድ ቀን ሙሉ ካልሸናች ፊኛዋ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል።

«ካልጮኸች አላመማትም»

ድመት ሕመሟን ትደብቃለች። አልጋ ሥር መግባት፣ ፀጉሯን አለማጽዳት፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ መኮራመት፣ ጩኸቷ ይሄው ነው። ጉሮሮዋ ውስጥ ርርርር የሚለው ድምፅም ሁልጊዜ የደስታ አይደለም። ሲያማትም ታሰማዋለች።

«ግማሽ ፓራሲታሞል ስጪያት»

ይህን ያለችኝ የማከብራት ጎረቤቴ ናት። የኔ ልጅ ብላ፣ ኪኒኑን ራሷ ገምሳ በመዳፏ ይዛልኝ መጣች። አመስግኜ ተቀበልኳትና ኪሴ ከተትኩት።

የኛ ጉበት ፓራሲታሞልን ሰባብሮ ያስወጣል። የድመት ጉበት ግን ለዚህ የሚያስፈልገው ኢንዛይም በቂ የለውም። መድኃኒቱ መርዝ ሆኖ ደሟ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። ድዷ ቡናማ ይሆናል፣ ፊቷና መዳፏ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ባለ 500 ሚሊግራሙ አንድ ፍሬ ድመት ይገድላል። ግማሹም ሊገድል ይችላል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም ጨጓራዋንና ኩላሊቷን ይጎዳሉ። «ለሕፃን የሚሰጥ ሽሮፕ ነው» የሚለውም ያው ነው። ሳታውቁ ሰጥታችሁ ከሆነ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ። ማሸጊያውን ይዛችሁ ወዲያው የእንስሳት ሐኪም ጋ ሩጡ።

«ቁስሉ ላይ ቡና ነስንሺበት፣ ቃጠሎ ከሆነ ቅቤ»

ቡናው ቁስሉ ውስጥ ቆሻሻ ሆኖ ይቀራል፣ ስትልሰውም ካፌይኑ ሆዷ ይገባል። አልኮል ደግሞ ያቃጥላታል፣ ጤነኛውንም ሥጋ ይጎዳል። ደም ካለ ንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ አምስት ደቂቃ ጫን በሉ፤ በመሃል እየገለጣችሁ አትዩ። ለማጠብ ፈልቶ የቀዘቀዘ ግማሽ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ጨው በቂ ነው። የፈላ ውሃ ወይም ዘይት ከተደፋባት የቧንቧ ውሃ ቀስ ብሎ ይፍሰስበት፣ ቢያንስ አሥር ደቂቃ። ቅቤ ሙቀቱን አፍኖ ያስቀረዋል።

«ምላሷ መድኃኒት ነው» ይባላል። ምላሷ ግን እንደ ሞረድ ሻካራ ነው፤ ስፌት ይፈታል። ቁስሏን እንዳትልስ አንገቷ ላይ የሚታሰርላት መከላከያ ያስጠላታል፣ ቢሆንም አታውልቁላት።

እሷን ስታነሱ ፎጣ ላይ አንሸራትታችሁ ካርቶን ውስጥ አስገቧት። የዋህ ድመት እንኳ ሲያማት ትነክሳለች። ከነከሰቻችሁ በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና ጤና ጣቢያ ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል።

«ፍትፍት ስጪያት፣ ትጠንክር»

ለታመመ ሰው ዶሮ ወጥ እንደምናደርሰው ለድመትም ይታሰባል። ወጡ ውስጥ ያለው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ግን ቀይ የደም ሴሎቿን ያፈርሳል። ወተትም ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል። ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት የተቀቀለ የዶሮ ሥጋ ለብ አድርጋችሁ ስጧት፤ ሽታው ይጠራታል። አንድ ቀን ሙሉ ካልበላች ለሐኪሙ ንገሩ። የማትበላ ድመት፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ ጉበቷ በስብ ይሞላና ሌላ በሽታ ይጨመርባታል።

«መዝጋት ጭካኔ ነው»

በጣም የከበደኝ ይሄ ነው። ዳለቻ ከሳንባዋ ሌላ የኋላ እግሯ አጥንት ተሰብሮ ነበር። ሐኪሙ ዝላይ ለስምንት ሳምንት የለም አለ። የፍሪጅ ካርቶን አንዱን ጎን ዝቅ አድርጌ ቆረጥኩት፣ ብርድ ልብስ አነጠፍኩ። ለመጸዳጃዋ አሸዋ ትቼ ጋዜጣ ቀደድኩላት፣ አሸዋው ቁስሉ ላይ ይለጠፋልና። በሦስተኛው ሳምንት ደህና የሆነች መስላ በሩን ስትቧጭር ሆዴ ተንሰፈሰፈ። ግን አጥንቱ ገና ነበር። አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አገጯን አሻሸኋት፣ በሩን ግን አልከፈትኩም።