የዛፒያን ፓኬጅ ምንድን ነው? የትኛውንስ ልጫን?

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጅማ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የሚማር አንድ ልጅ ላፕቶፑን ታቅፎ መጣ። የመመረቂያ ፕሮጀክቱ የአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ቃል የሚፈልግ ፕሮግራም ነው። ዛፒያንን ኡቡንቱ በሚባለው የሊኑክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ ለመጫን ግማሽ ቀን ታግሏል። ለካ ስሙን በዜድ እየጀመረ ነበር የሚፈልገው! ሲጠራ ዛፒያን ይባል እንጂ ሲጻፍ የሚጀምረው በኤክስ ነው።

ዛፒያን በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ የጽሑፍ መፈለጊያ ላይብረሪ ነው። ከፍታችሁ የምትጠቀሙበት አፕ አይደለም፤ ራሳችሁ በምትጽፉት ፕሮግራም ውስጥ ነው የሚገባው። ፓኬጅ የሚባለው ደግሞ ያ ኮድ ለእናንተ ሲስተም ተሰናድቶ ሲቀርብ ነው። ሶርስ ኮዱን ማውረድ ጀንፈል ቡና እንደ መግዛት ነው፤ መፈልፈሉም፣ መቁላቱም፣ መውቀጡም የእናንተ ሥራ ነው። ፓኬጁ ግን ተቆልቶ ተፈጭቶ ይመጣል፣ ሌላ የሚያስፈልገው ነገር ካለም አፕት የሚባለው የኡቡንቱ መጫኛ ራሱ ፈልጎ አብሮ ያወርድላችኋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዛፒያንን አንድ ፓኬጅ አድርጎ ሲያስብ ነው። ኡቡንቱና ዴቢያን የሚባለው ሌላ ሊኑክስ ላይ «ሊብዛፒያን» ብሎ ቁጥር የሚከተለው ያለቀለትን ፕሮግራም ለማስኬድ ብቻ ነው። ልጁ እሱን ጭኖ ኮዱን ኮምፓይል ሊያደርግ፣ ማለትም ወደሚሠራ ፕሮግራም ሊቀይር ሲል «ሄደር ፋይሉ የለም» እያለ አስቸገረው። ሄደሮቹ፣ ማለትም ላይብረሪው ውስጥ ምን ምን እንዳለ ለኮምፓይለሩ የሚነግሩት ፋይሎች፣ ያሉት «ሊብዛፒያን-ዴቭ» ውስጥ ነው። እሱን ስንጭን ወዲያው ሠራ፤ ፊቱ እንዴት እንደበራ ብታዩ! በፓይተን የምትጽፉ «ፓይተን3-ዛፒያን»ን ፈልጉ። «ዛፒያን-ኦሜጋ» ደግሞ ለድረ ገጽ የተዘጋጀ መፈለጊያ ነው። ፌዶራ በሚባለው ሊኑክስ ላይ ስሙ ይለያል፣ የዴቭን ቦታ «ዛፒያን-ኮር-ዴቬል» የሚባለው ይይዛል። ስለዚህ በግምት ከመጫናችሁ በፊት «አፕት ሰርች» በሉና ከስሙ አጠገብ ያለችውን አጭር መግለጫ አንብቡ።

አማርኛ ላይ ለምትሠሩ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ይሄን የትኛውም ፓኬጅ አይፈታላችሁም። ልጁ «ፀሐይ» ብሎ ሲፈልግ «ጸሀይ» ተብሎ የተጻፈው አልመጣለትም። ለእኛ አንድ ቃል ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ፊደሎቹ የተለያዩ ናቸው። ጽሑፉን ኢንዴክስ ከማድረጋችሁ፣ ማለትም ቃላቱን ለፍለጋ መዝግባችሁ ከማስቀመጣችሁ በፊት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ ቀይሩ፤ ሰው የሚፈልገውንም ቃል እንደዚያው።